ከክዳኑ ሥር ያለው ባዶ ቦታ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሰማዩ ተቀዶ ዝናቡ አላባራ ባለበት ወቅት፣ በጃፓን አገር ኩሮሳዋ በምትባል የተራራ ሥር ቀዬ ካንጂሮ የሚባሉ ሽማግሌ አንድ የእንጨት ሙዳይ አበላሹ። ሙዳይ መበላሸቱ ምን ብርቅ ነው እንዳትሉኝ። ሰውየው አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ሙዳይ እየጠገኑ የኖሩ ናቸው። ያበላሹት ሙዳይ ደግሞ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ነው። ባለቤቱም እመቤት ሃሩኖ ናቸው፤ እሳቸው እንኳን ሙዳያቸው ተበላሽቶባቸው፣ እንዲሁ በደህናው ቀን ሲያዩዋቸው ጉልበት የሚያብረከርኩ ሴት ናቸው።

ፍርዱን መጨረሻ ላይ ለእናንተ ስለምተወው ከአሁኑ በደንብ አድምጡኝ። በኋላ «ይህንንማ አልነገርከንም» ብሎ ነገር አልወድም።

መጀመሪያ ሙያቸውን ላስረዳችሁ፤ አለዚያ ጥፋቱ አይገባችሁም። በዚያ አገር ኡሩሺ የሚባል ዛፍ አለ። ቅርፊቱን በቢላ ሲጭሩት ሙጫ ያነባል። ሙጫውን አጣርተው እንጨት ላይ ስስ አድርገው ይቀቡታል፤ ሲደርቅ ውሃ የማያስገባ፣ ፊት የሚያሳይ ቅብ ይሆናል። ቅቡ ሳይደርቅ የወርቅ ብናኝ ከነሰነሱበት ደግሞ ሥዕል ይወጣዋል። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ጉዱ ያለው ማድረቁ ላይ ነው። እኛ ያጠብነውን ልብስ ፀሐይ ላይ እናሰጣ የለ? ይህ ሙጫ ግን ፀሐይ ቢያሳዩት፣ ነፋስ ቢያስመቱት ወይ ፍንክች! የሚደርቀው እርጥበት ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ቀቢዎቹ ቁም ሳጥን አላቸው፤ ውስጡን በእርጥብ ጨርቅ ያብሱና የተቀባውን ዕቃ አስገብተው ይዘጉበታል። እርጥበቱ ከልክ ሲያልፍ ግን ላዩ ቀድሞ ይደርቃል፣ ታቹ ገና ፈሳሽ ይሆናል፣ ቅቡም ይጨማደዳል። ለዚህ ነው በዝናብ ወራት ቁም ሳጥኑን ማርጠብ ክልክል የሆነው። ኩሮሳዋ ውስጥ ትናንት ሥራ የጀመረ ሰው እንኳ ይህን ያውቃል።

እመቤት ሃሩኖ ሙዳዩን ያስመጡት የልጃቸው ሠርግ ስለደረሰ ነው። የዚያ ቤት ሙሽራ ከቅድመ አያት ጀምሮ ማበጠሪያዋንና መስተዋቷን በዚያ ሙዳይ ይዛ ነው ከቤት የምትወጣው። ክዳኑ ላይ በወርቅ ብናኝ የተሠራ ወንዝ አለ፣ በወንዙ ዳር ሸምበቆ አለ፣ ከሸምበቆው አጠገብ አንዲት ባዶ ጀልባ ቆማለች። ከላይ ከዛጎል የተቆረጠች ጨረቃ አለች። የክዳኑ አንድ ጥግ ስለተሰነጠቀ ካንጂሮ ስንጥቁን ሞሉ፣ ከዚያም ሥዕሉ ጭምር እንዲወዛ ብለው ክዳኑን በሙሉ የጠራ ሙጫ ቀቡት። ያማረ ሥራ ነበር። ጨርሰው ቁም ሳጥኑን ከፈቱ፤ አርባ ስድስት ዓመት በበጋ እንዳደረጉት ጨርቁን ውሃ ነክረው ውስጡን አበሱ፣ ሙዳዩን አስገቡ፣ ዘጉ፣ እራታቸውን በሉ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል። እሳቸው ደግሞ እሱን እያዳመጡ ነው የበሉት! ረሱ እንኳ አይባልም፣ እጃቸው ነው የረሳው።

ጠዋት ሲከፍቱት ክዳኑ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማዷል። ወንዙም፣ ጀልባዋም፣ ጨረቃዋም ከሥሩ ተቀብረዋል። ሽማግሌው እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ቤቴን ዘጋሁት» አሉ።

እውነታቸውን ነው። በኩሮሳዋ ሥርዓት የአደራ ዕቃ ያበላሸ ቀቢ ከደጃፉ የስሙ ሰሌዳ ይወርዳል፣ ዳግመኛም ሥራ የሚሰጠው የለም። የካንጂሮ ሰሌዳ አምስት ትውልድ እዚያ ደጃፍ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል። ለማን እንደሚያወርሱት ሲጠየቁ ሁልጊዜ ወደ ሰማይ እያዩ ስለ አየሩ ያወሩ ነበር። አሁን የሚያወርሱትም ሊጠፋ ነው። እመቤቲቱ ሙዳዩን ሊወስዱ የቀራቸው ስምንት ቀን ብቻ ነው፤ ለመጠገን ደግሞ ቢያንስ ሃያ ቀን ያስፈልጋል።

ሦስቱን ልጆቻቸውን ጠሩ። ታላቁ ጎንዞ ተራራ ለተራራ እየዞረ ከዛፍ ሙጫ የሚለቅም ነው። ሁለተኛዋ ሚትሱ የተቀባ ዕቃ የምታለሰልስና ወርቅ የምትነሰንስ ናት። ታናሹ ሳኪቺ ጀልባ ቀዛፊ ነው፤ ምስኪን፣ ሙጫ ገና ሲሸተው ፊቱ እንደ ሊጥ ኩፍ ስለሚል አባቱ «አንተስ ለዚህ ቤት አልተፈጠርክም» ብለው ከሙያው ካወጡት ቆይተዋል።

«ከዚህ ቤት አንዲት ቃል እንዳትወጣ!» አሉ ካንጂሮ። «ማንም እንዳይሰማ። መላ እስክንፈልግ አፋችሁን ዝጉ።»

ሦስቱም አቀርቅረው ወጡ። እንግዲህ ከታናሹ ልጀምር፤ መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው እሱ ነው።

ሳኪቺ ጀልባውን ግንድ ላይ አሰረና ለማንም ሳይነግር የአንድ ቀን መንገድ በእግሩ ሄዶ እመቤት ሃሩኖ ደጃፍ ቆመ። ከላይ እስከ ታች በስብሷል።

«እመቤቴ፣ ሙዳይዎ ተበላሽቷል» አለ። «ያበላሹት አባቴ ናቸው።»

«አባትህ ነው የላከህ?»

«አባቴማ መምጣቴን ቢያውቁ ይገድሉኛል። ግን ይድናል። ቀን ይስጡን።»

«ካልዳነስ? ማን ዋስ ይሆንልኛል?»

«እኔ። እዚሁ እቀመጣለሁ።»

«አንተ ደግሞ ምን ሠሪ ነህ?»

«ጀልባ ቀዛፊ።»

እመቤቲቱ ሊቆጡም ሊስቁም ፈልገው ነበር፤ ሁለቱንም ትተው ደብዳቤ አስጻፉ። ደብዳቤው ካንጂሮ እጅ ሲገባ እንዲህ ይላል፦ «ልጅህ ዋስ ሆኖ ከእኔ ዘንድ ነው። እስከ ሠርጉ ዋዜማ ሃያ አራት ቀን ሰጥቼሃለሁ። ሙዳዩ ካልዳነ ሰሌዳህን በገዛ እጅህ ታወርዳለህ፤ ልጅህም ዕድሜ ልኩን ግቢዬን ይጠርጋል።»

ካንጂሮ አንብበው ሲጨርሱ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። «ገመናዬን አደባባይ አወጣው! ከዛሬ ጀምሮ ሳኪቺ የሚባል ልጅ የለኝም! ሳህኑንም ከመደርደሪያ አውርዱልኝ!»

«አባባ» አለ ጎንዞ ቀስ ብሎ፣ «ሃያ አራት ቀን አገኘን እኮ።»

ሽማግሌው የልጃቸው ሳህን ከመደርደሪያው ሲወርድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ተናደዋል፣ አፍረዋል፤ ከሁሉም የከፋው፣ ልጁ ያገኘላቸው ቀን እንደጠቀማቸው ያውቃሉ።

አሁን ደግሞ ጎንዞ። ቤት ውስጥ የነበረው ሙጫ ሁሉ ቶሎ የሚደርቅ ዓይነት ነው፤ በዚያ እርጥበት ቢቀባ እንደገና መጨማደዱ አይቀርም። ዝግ ብሎ የሚደርቅ ሙጫ የሚገኘው ብርዳማው የተራራ አናት ላይ ከበቀለ ዛፍ ነው፤ አናቱ ላይ ደግሞ የቀረው አንድ ዛፍ ብቻ ነው። እሱም ጎንዞና ሟች ሚስቱ ሳዮ በተጋቡበት ዓመት አብረው የተከሉት ዛፍ ነው። ሳዮ ካረፈች ወዲህ ጎንዞ በየዓመቱ ወጥቶ ከሥሩ ተቀምጦ ይመለሳል እንጂ ቢላ አስነክቶት አያውቅም። የሥራ ጓደኞቹ «ያንተ ዛፍ መነኩሴ ነው እንዴ፣ የማይነካው?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ጎንዞ ቢላውን ስሎ ወጣ። በዝናብ ሙጫ አይለቀምም፣ ውሃ ከገባበት ዋጋ የለውም። እሱ ግን በዛፉ ዙሪያ የሣር ዳስ ጣለ፣ ቅርፊቱን በገዛ ልብሱ አደረቀ፣ ልብሱ ሲርስ እየጨመቀ እንደገና አደረቀ። ጥቂት ብቻ ጭሮ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ። አልበቃ አለው። ጨመረ፣ አሁንም አልበቃው አለ፤ በመጨረሻ ዛፉን ዙሪያውን ጫረው። እንደዚያ የተጫረ ዛፍ በሚቀጥለው ዓመት ቅጠል አያወጣም፤ ይህን ከጎንዞ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። በዘጠነኛው ቀን አንድ ፍንጃል የማይሞላ ሙጫ በቀርከሃ ይዞ ወረደ።

ካንጂሮ አሸተቱት፣ በጣታቸው ዳሰሱት። «እንዲህ ያለ ሙጫ ካየሁ ሃያ ዓመቴ! ከየት አመጣኸው?»

«ከአናቱ።»

«ከሳዮ ዛፍ?»

«እና ከየት ላምጣው፣ አባባ!» አለና ፊቱን አዞረ። ሽማግሌው ቀርከሃውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ተራራው አናት እጅ ነሱ።

አሁን ተራው የሚትሱ ነው። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት የተጨማደደው ቅብ ታቹ ድረስ ጠንክሯል፤ አሁን በለስላሳ ከሰልና በውሃ እየታሸ መነሳት አለበት። ነገር ግን ከሥሩ ያለው አሮጌ ወርቅ ከፀጉር ይሳሳል። ከሰሉ አንድ ጊዜ ቢያልፍ የሁለት መቶ ዓመት ሥራ ከውሃው ጋር ይፈስሳል።

«ተይው» አሉ ካንጂሮ። «አይነካ። እንደ ምንም ጥጉን አስተካክለን እንስጣቸው። ሥዕሉ ቢያንስ ከሥሩ አለ።»

«አለ ብቻ ምን ያደርጋል፣ አባባ? ሙሽራዋ ስልባቦት ታቅፋ ትውጣ?»

«ሚትሱ፣ አትንኪው አልኩሽ!»

ሚትሱ ከሰሉን አነሳች። አዎ፣ አባቷ እያዩ! ዓይኗን ጨፈነች፤ ዓይን እዚያ ላይ ያታልላል፣ የሚያውቀው ጣት ነው። አንድ ጊዜ ታሻለች፣ በጣቷ ትዳስሳለች፣ ታጥባለች፣ እንደገና ታሻለች። ካንጂሮ ማየት ስላልቻሉ ደጅ ወጥተው የጣሪያው ጠርዝ ሥር ተቀመጡ። ስምንት ቀን ሙሉ የከሰሉን ድምፅ ሲያዳምጡ ሰነበቱ። ድምፁ በቆመ ቁጥር ልባቸው አብሮ ይቆማል፣ ሲቀጥል ይቀጥላል። መጀመሪያ ጨረቃዋ ወጣች፣ ቀጥሎ ሸምበቆው፣ ቀጥሎ ወንዙ። በስምንተኛው ቀን ድምፁ ቆመ፤ አልቀጠለም።

«አባባ! ይምጡ እስቲ!»

ሽማግሌው ሮጡ። ጥፋቱ ደረሰ ብለው ነው የሮጡት።

«ጣትዎን እዚህ ያሳርፉ» አለች ሚትሱ። «ከጀልባዋ አፍንጫ እስከ ሸምበቆው።»

ካንጂሮ ዳሰሱ። ዓይን የማያየው ቀጭን ጭረት አለ። ገመድ! ጀልባዋ ገመድ ነበራት። የመጀመሪያው ሠሪ አስሯት ነበር፤ ወርቁ ግን በመነካካት ብዛት አልቆ፣ በሕይወት ካሉት ሰዎች አንድም ያየው የለም። ሚትሱ በጎንዞ ሙጫ ብሩሿን ነከረች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ በአሮጌው ጭረት ላይ ገመዱን በአንድ ጊዜ ሳበችው፣ ከላዩም የወርቅ ብናኙን በጣቷ እየመታች ነሰነሰች። እጅዋ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ክዳኑን በሙሉ ያንኑ ሙጫ ስስ አድርጋ እየደጋገመች ቀባችው። ካንጂሮ ደግሞ በእነዚያ ቀናት ሥራቸው ምን ነበር መሰላችሁ? ቁም ሳጥኑን ደረቅ ጨርቅ ይዘው ማበስ! ሚትሱ «አባባ፣ ኧረ በፈጠረዎት ይዝጉት!» እስክትል ድረስ ከፍተው ያብሳሉ፣ ዘግተው ይመለሳሉ፣ እንደገና ይከፍታሉ።

በሠርጉ ዋዜማ ዝናቡ አባራ። እመቤት ሃሩኖ ሰው ከመላክ ራሳቸው መጡ። ከአጃቢዎቻቸው ኋላ ሳኪቺ የግቢውን መጥረጊያ እንደያዘ ይከተላል። ከስቷል። አባቱን ሲያይ መሬት መሬት ማየት ጀመረ፤ አባቱም ከሱ ዓይን ሸሹ።

ካንጂሮ ሙዳዩን በሐር ጨርቅ እንደተጠቀለለ አቀረቡ። እመቤቲቱ ጨርቁን ገለጡት። አዩት። ወደ መስኮቱ ወስደው በብርሃን አዩት። ጎንዞ ከኋላ የአባቱን ብብት ያዘ።

«ገመድ አላት» አሉ እመቤት ሃሩኖ።

«እመቤቴ፣ እሱ እኮ...» ብላ ሚትሱ ልትናገር ስትል እጃቸውን አንስተው አስቆሟት።

«ልጅ ሆኜ 'ይህቺ ጀልባ አንድ ቀን ወንዙ ይወስዳታል' እያልኩ አለቅስ ነበር። እናቴ 'ዝም በይ፣ ታስራለች፣ አንቺ ስለማታዪው ነው' ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ታባብለኛለች ብዬ...» አልጨረሱትም። ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ ተረስቶ በእጅጌያቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። «እሰይ! ልጄ የታሰረች ጀልባ ይዛ ትወጣለች!»

እፎይ! ካንጂሮ ሃያ አራት ቀን የያዙትን ትንፋሽ ለቀቁት። እንደ ሕፃን አለቀሱ፣ አላፈሩም። ከዚያ ዞር ብለው «ምን ትገተራለህ? መጥረጊያውን ጣለው!» ብለው ሳኪቺ ላይ ጮኹና አንገቱን አቀፉት። «የልጄን ሳህን ወደ ቦታው መልሱ! አሁኑኑ!» ሳኪቺም የአባቱ ልብስ ሙጫ ስለሸተተው ፊቱ ማበጥ ጀመረ፤ ሆኖም አልተላቀቃቸውም። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሰሌዳው ከደጃፉ አልወረደም፣ ቤቱም አልተዘጋም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔም ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። ግን እመቤት ሃሩኖ ክዳኑን ገለበጡት። ከሥሩ፣ ጥቁሩ ቅብ ላይ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ባዶ ቦታ በቀጭን ወርቅ ተከብባለች።

«የመጀመሪያው ሠሪ ስሙን ሳይጽፍ ሞተ ይባላል» አሉ። «ዛሬ ይጻፍበት። ሙዳዬን ያዳነው ሰው ስም። ቦታው ግን የሚበቃው ለአንድ ስም ነው። ካንጂሮ፣ ያንተን እንዳልል አጥፊው አንተ ነህ።»

«ልክ ነዎት» አሉ ካንጂሮ።

በኩሮሳዋ ስሙ በእንዲህ ያለ ጥንታዊ ዕቃ ላይ የተጻፈ ሰው ሰሌዳውንም ይወርሳል፤ ቤቱ የሱ ነው። ሽማግሌው ስንት ዓመት የሸሹት ጥያቄ እግሩን ሰብስቦ ፊታቸው ተቀመጠ።

«መቼም ያለ ሙጫ ቅብ የለም» አለ ጎንዞ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ሚትሱ በምን ልትቀባው ነበር፣ በምራቋ? እኔ የሰጠሁት ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።»

«ዛፍህን አከብራለሁ፣ ጋሼ» አለች ሚትሱ። «ግን ለኔ ባትሰጠኝ ኖሮ አንድ ቀርከሃ ሙጫ ታቅፈህ ነበር የምትቀረው። ገመዱን ያገኘው የማን ጣት ነው?»

«ጣትሽ ቢስትስ ኖሮ?» አለ ጎንዞ። «አባባ አትንኪው እያሉሽ ነው የነካሽው። የሁላችንንም ነገር በአንድ ከሰል ነው የቆመርሽበት!»

«እኔ ምንም አልሠራሁም» አለ ሳኪቺ፣ ባበጠ ፊቱ ውስጥ ዓይኑ ጠፍቶ። «ግን በስምንት ቀን ጋሼ ከተራራ አይወርድም ነበር፣ እትዬም ከሰል አታነሳም ነበር። ቀኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ዋስ ሆኜ የተቀመጥኩትም እኔ ነኝ።»

«አባትህን አሳጥተህ!» አለ ጎንዞ። «እመቤቲቱ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ሰሌዳችን ያኔውኑ ወርዶ ነበር።»

«ክፉ አለመሆኔን በምን አወቃችሁ?» አሉ እመቤት ሃሩኖ፤ ሦስቱም ደንግጠው አቀረቀሩ። እሳቸው ግን ፈገግ ብለዋል።

ካንጂሮ ብሩሹን አንስተዋል። ብሩሹ ጫፍ ላይ ያለው የሳዮ ዛፍ የመጨረሻ ጠብታ ነው። ወርቁን ይዛ አጠገባቸው የቆመችው ሚትሱ ናት። ቀኑ ሳኪቺ በገዛ ራሱ ዋስ ሆኖ ያገኘው ቀን ነው። አንዴ የተጻፈ አይፋቅም፤ ከተፋቀ አሮጌው ጥቁር ቅብ አብሮ ይነሳል። ሽማግሌው ልጆቻቸውን አንድ በአንድ አዩ፤ ከንዴታቸውም ከሃፍረታቸውም ምንም አልቀረ፣ ሦስቱንም ከመውደድ በቀር። እሱ ነው የቸገራቸው።

«ካንጂሮ፣ ሙሽራዋ ነገ ጠዋት ትወጣለች» አሉ እመቤቲቱ።

ብሩሹ ከባዶዋ ቦታ በላይ ቆሟል። ደግነቱ ያ ሙጫ ዝግ ብሎ የሚደርቅ ነው፤ ስለዚህ ለመከራከር ጥቂት ጊዜ አላችሁ፤ ብዙ ግን አይደለም። በሉ ንገሯቸው፦ ዛፉን የሰጠው ጎንዞ፣ ጣቷን ያመነችው ሚትሱ፣ ወይስ እውነቱን የተናገረው ሳኪቺ? የማንን ስም ይጻፉ?